የነርስ ዕውቀት በመጠይቅ ሲለካ፦ የሕፃናት ካንሰር በጣና ዙሪያ

በአገራችን የጤና መጽሔቶች ከሚወጡት ጥናቶች መካከል መልኩን ሳይለውጥ የሚመላለስ አንድ ዓይነት አለ። ርእሱ «ነርሶች ስለዚህ ወይም ስለዚያ በሽታ ያላቸው ዕውቀት፣ አመለካከትና ተግባር» የሚል ነው። የበሽታው ስም ይለወጣል እንጂ መጠይቁ፣ ሰንጠረዡና ማጠቃለያው ያው ነው፤ ከተጠየቁት ነርሶች ብዙዎቹ በቂ ዕውቀት እንደሌላቸው ይገለጻል፣ ሥልጠና እንዲሰጣቸው ይመከራል፣ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ይህ አቀራረብ ወደ ሕፃናት ካንሰርም ተሻግሯል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት አጥኚዎችን ለማሳጣት ሳይሆን፣ የአጠናን ዘዴው ራሱ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሸፍን ለመመርመር ነው። ምክንያቱም በባሕር ዳርና በጣና ሐይቅ ዳርቻ በሚገኙ ጤና ተቋማት ለሚሠራ ሰው፣ የሕፃኑን ሕይወት የሚወስነው ዕውቀት መጠይቁ ከሚጠይቀው ጋር እምብዛም አይገናኝም።

በመጀመሪያ ለዘዴው የሚገባውን ምስጋና እንስጠው። እንዲህ ያሉ ጥናቶች ማንም ያላነሣውን ጉዳይ ወደ ጠረጴዛ አምጥተዋል። የአገራችን ብሔራዊ የካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድ የወጣው ከ2016 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ላለው ዘመን ሲሆን፣ ለሕፃናትና ለአፍላ ወጣቶች ብቻ የተዘጋጀው ዕቅድ ደግሞ ለ2019–2023 እ.ኤ.አ. ነው። ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ያቋቋሙት የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ግን ሥራውን የጀመረው በ2004 እ.ኤ.አ. ነበር። ወላጆች ከዕቅድ አውጪዎች ከአሥር ዓመት በላይ ቀድመው እንደነበሩ ልብ ይሏል።

የጉዳዩ ክብደትም አያከራክርም። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያወጣው ግምት መሠረት በየዓመቱ ወደ 400,000 የሚጠጉ ሕፃናትና አፍላ ወጣቶች በካንሰር ይያዛሉ። በበለጸጉት አገሮች ከመቶ ከ80 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ፤ በብዙ ድሃ አገሮች ግን የሚድኑት ከመቶ 30 አይሞሉም። ድርጅቱ በ2018 እ.ኤ.አ. በጀመረው እንቅስቃሴ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስ በዓለም ቢያንስ ከመቶ 60 የሚሆኑት እንዲድኑ ግብ አስቀምጦ ስድስት ካንሰሮችን በምሳሌነት መርጧል። እነዚህም አጣዳፊው የሊምፎብላስት የደም ካንሰር፣ የበርኪት ሊምፎማ፣ የሆጅኪን ሊምፎማ፣ የዓይኑ ሬቲኖብላስቶማ፣ የኩላሊቱ የዊልምስ ዕጢና በዝግታ የሚያድገው የአንጎል ዕጢ ናቸው። ሁሉም በጊዜ ከተደረሰባቸው በአመዛኙ ሊድኑ የሚችሉ ናቸው። በመሆኑም ጥያቄው ሁሉ «በጊዜ» በምትለው ቃል ላይ ይወድቃል፤ ጊዜውን ከማንም በፊት በእጁ የሚይዘው ደግሞ ሕፃኑን መጀመሪያ የሚያየው የጤና ባለሙያ ነው።

እንግዲህ ወደ መጠይቁ እንመለስ። የተለመደው አሠራር ከአማካዩ ነጥብ በላይ ያገኙትን «በቂ ዕውቀት ያላቸው»፣ ከአማካዩ በታች ያገኙትን «ዕውቀታቸው አነስተኛ» ብሎ መክፈል ነው። እንዲህ ከሆነ ተጠያቂዎቹ ሁሉ ሊቃውንት ቢሆኑ እንኳ፣ ሁሉም እኩል ነጥብ ካላገኙ በቀር፣ ከፊሎቹ ከአማካይ በታች መዋላቸው አይቀርም። ጉድለቱን የወለደው ሒሳቡ ነው። የመልስ ቁልፉም የሚቀዳው ብዙ ጊዜ ከበለጸጉት አገሮች የመማሪያ መጻሕፍት ነው። «በሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ መጽሐፉ የደም ካንሰርን፣ ቀጥሎም የአንጎል ዕጢን ይጠራል። የአንጎል ዕጢ ግን የራስ ቅል ውስጥን የሚያሳይ መሣሪያ በሌለበት አካባቢ ስም ሳይወጣለት ከሕፃኑ ጋር ይቀበራል። በዓይኗ ያየችውን ሬቲኖብላስቶማን ወይም የሆድ ዕጢን ያስቀደመች ነርስ በቁልፉ መሠረት ተሳስታለች፤ በሥራ ቦታዋ ግን ትክክል ልትሆን ትችላለች።

ከዚህ የሚከፋው የቦታው ጉዳይ ነው። መጠይቁ የሚበተነው ለአጥኚው በሚቀርበው ትልቅ ሆስፒታል ነው። የባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወትም ሆነ የዩኒቨርሲቲው ጥበበ ጊዮን ሕፃኑ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ የሚደርስባቸው ናቸው። ከደቅ ደሴት በጀልባ የምትነሣ፣ ከቁንዝላ ወይም ከሐሙሲት የምትመጣ እናት መጀመሪያ የምታገኘው ጤና ኬላን፣ ቀጥሎም ጤና ጣቢያን ነው። ወሳኙ ጊዜ የሚባክነውም ሆነ የሚተርፈው እዚያ ነው፤ መጠይቁ ግን እዚያ አይደርስም።

በጣና ዳርቻ ገርጥቶ፣ ትኩሳት እየተመላለሰበት፣ ሆዱም አብጦ የመጣ ሕፃን ምን ሊሆን ይችላል? በፎገራና በደምቢያ ሜዳ ለሚሠራ ሰው ቀድሞ የሚታሰበው ወባ ነው፤ ማሰቡም ትክክል ነው። ከሐይቁ ውኃ ጋር የሚገናኘው ቢልሃርዝያም ጉበትንና ጣፊያን ያሳብጣል። የሳንባ ነቀርሳና የምግብ እጥረት አሉ። ካላዛርም አለ። ስለ ካላዛር ካነሣን ከሐይቁ በስተምሥራቅ፣ በአዲስ ዘመን ዙሪያ የሆነውን ማስታወስ ተገቢ ነው። በሊቦ ከምከም ወረዳ ሰዎች በትኩሳትና በጣፊያ ማበጥ ሲያልቁ፣ ነገሩ በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተደርጎ ታስቦ ነበር። ካላዛር መሆኑ የታወቀው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው፤ አካባቢው ከዚያ በፊት የካላዛር ቦታ ተብሎ አይጠራም ነበርና። ይህ ታሪክ የካንሰር ታሪክ ባይሆንም ለያዝነው ጉዳይ ከማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ የቀረበ ትምህርት አለው። ባለሙያዎቹ ወባን ስላላወቁ አልነበረም ነገሩ የተሰወረባቸው፤ እጅግ አድርገው ስለሚያውቁት ነበር። መድኃኒቱን ወስዶ ያልዳነ በሽተኛ መድኃኒቱን የሚከስስ ምስክር ሆኖ ታየ እንጂ፣ የበሽታውን ስም የሚያጠራጥር ምስክር ሆኖ ለመታየት ጊዜ ፈጀ።

የደም ካንሰር የያዘው ሕፃንም እንዲሁ ነው። አንድ ጊዜ የወባ መድኃኒት፣ አንድ ጊዜ የደም ማነስ እንክብል፣ አንድ ጊዜ ፀረ ተዋሲያን ይዞ ይሄዳል። እያንዳንዱ ጉብኝት ለብቻው ሲታይ ስሕተት የለበትም። ስሕተቱ የሚታየው ሦስቱ ጉብኝቶች ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው። በየጉብኝቱ አዲስ ካርድ በሚወጣበት፣ እናት የያዘችው ቁራጭ ወረቀት በሚጣልበት ተቋም ይህን ንባብ ማንም ሊያነበው አይችልም። ስለዚህ ነርሷ «የደም ካንሰር ምልክቶችን ዘርዝሪ» ለሚለው ጥያቄ አሥር ከአሥር ብታገኝ እንኳ ካርዱ እስካልተገኘ ድረስ ለሕፃኑ የሚጠቅመው ጥቂት ነው።

በዚህ ረገድ የሁላችንም መመሪያ የሆነው የተቀናጀ የሕፃናት ሕመም አያያዝ ቻርትም ሊመረመር ይገባዋል። ቻርቱ ብዙ ሕፃናትን እንዳተረፈ የሚክድ የለም። ትኩሳት ከሰባት ቀን በላይ በየቀኑ ከቆየ ሕፃኑ ለተጨማሪ ምርመራ ይላክ ማለቱ መልካም ነው። የእጅ መዳፉ የገረጣ ሕፃን በተመለከተ ግን የዓለም ጤና ድርጅት መነሻ ቅጂ በየ14 ቀኑ የብረት ማዕድን እየተሰጠው እንዲመላለስና መገርጣቱ ከሁለት ወር በኋላም ካልለቀቀው እንዲላክ ያዛል። ለብረት እጥረት ሁለት ወር ተገቢ ጊዜ ነው። አጣዳፊ የደም ካንሰር ለያዘው ሕፃን ግን ሁለት ወር ምናልባት የቀረው ዕድሜ በሙሉ ነው። ከመገርጣቱ ጋር በቆዳው ላይ ነጠብጣብ ደም፣ የድድ መድማት፣ የአጥንት ሕመም ወይም ያበጡ ንፍፊቶች ካሉበት ሁለት ሳምንት እንኳ መጠበቅ አይገባም። ደግሞም ቻርቱ የሚያገለግለው አምስት ዓመት ላልሞላቸው ነው፤ ሊምፎማ ብዙ ጊዜ የሚይዛቸው ከዚያ በላይ ያሉት በአንድም ቅጠል ላይ አይገኙም። ደቡብ አፍሪካውያን የሕፃናት ካንሰር ሐኪሞች ይህን ክፍተት አይተው የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹን በአንድ ቅዱስ ስም፣ በሲሉአን ፊደላት አሰባስበው ለመጀመሪያ ደረጃ ባለሙያዎች አሠራጭተዋል። እኛም የራሳችንን ማዘጋጀት አያቅተንም፤ ቅዱሳን አላነሱንም።

የቋንቋችንም ጉዳይ አለ። ነቀርሳ የምንለው ቃል ካንሰርንም የሳንባ በሽታውንም በአንድነት ይጠራል። ሐኪም «ነቀርሳ ነው» ሲል እናት የስድስት ወር መድኃኒት ትጠብቃለች፤ ወይም በተቃራኒው መድኃኒት እያለው «ነቀርሳማ አይድንም» ብላ ትሄዳለች። የቃሉ መደራረብ በሽታዎቹም በአንገት ላይ ስለሚደራረቡ ይብሳል። በአገራችን የንፍፊት ነቀርሳ እጅግ የተለመደ በመሆኑ በአንገቱ ላይ ያበጠ ሕፃን ናሙና ሳይወሰድለት የነቀርሳ መድኃኒት ሲጀምር ይታያል። ከሁለት ሴንቲ ሜትር የበለጠ፣ ጠንከር ያለ፣ የማያምም፣ በተለይም ከማጅራት ወርዶ ከትከሻ አጥንት በላይ ያለ እብጠት በቀጭን መርፌ ወይም በቀዶ ጥገና ናሙና ሊወሰድለት ይገባል። ሕክምና ከተጀመረ በኋላ እያደገ የሚሄደውም እንደዚሁ።

እዚህ ላይ ማንም መጠይቅ ሲያነሣው ያላየሁት፣ ግን ከብዙ ጥያቄዎች የሚበልጥ አንድ ጉዳይ አለ። ምክንያቱ ላልታወቀ እብጠት ወይም ትኩሳት ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን መስጠት በከተማም በገጠርም የተለመደ ነው። ሕፃኑ በሁለት ቀን ውስጥ ይነሣል፤ ይበላል፣ እብጠቱም ይቀንሳል። እናት ትመርቃለች። የደም ካንሰርና ሊምፎማ ግን ለእነዚህ መድኃኒቶች ለጊዜው የሚሸሹ በመሆናቸው፣ ሕፃኑ ከሳምንታት በኋላ ሲመለስ ናሙናው ግልጽ ውጤት ላይሰጥ ይችላል፤ በሽታውም ለሕክምና አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም ዕጢው በድንገት ፈርሶ ኩላሊትን ያቆማል። ምርመራው ሳያልቅ እነዚህን መድኃኒቶች አለመስጠት አንድ ነርስ ስለ ሕፃናት ካንሰር ልታውቀው ከሚገባት ሁሉ የመጀመሪያው ሊሆን ይገባ ነበር።

በጤና ጣቢያ ደረጃ ምን ይቻላል? ከምናስበው በላይ ይቻላል። ለወባ የሚዘጋጀው የደም ናሙና ስላይድ ነጭ የደም ሕዋሳትንም ያሳያል። ወባ ፈልጎ ያጣው የላቦራቶሪ ባለሙያ ቁጥራቸው እጅግ የበዛ፣ መልካቸው አንድ ዓይነት የሆነ ትልልቅ ነጭ ሕዋሳትን ካየ «ወባ የለም» ብሎ ከመዝጋት ይልቅ ያየውን ሊጽፍ ይችላል። ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ከመጣ ወዲህ ይህ ዕድል እየጠበበ መምጣቱ ያሳዝናል። የዓይንን ነገር ብንወስድ፣ በብሌኑ ውስጥ ነጭ ብልጭታ ያለበትን ወይም ዓይኑ የተንሸዋረረውን ሕፃን «ሞራ ነው፣ ሲያድግ ይታያል» ብሎ መመለስ ዓይኑን፣ ከዚያም ሕይወቱን ማሳጣት ነው። ሬቲኖብላስቶማ ከዓይን ሳይወጣ ከተደረሰበት ከሚድኑት ሁሉ በላይ የሚድን፣ ወደ ውጭ ከወጣ በኋላ ግን እጅግ የከፋ ነው። እናቶች ብልጭታውን ከባለሙያ ቀድመው ማየታቸው የታወቀ ነውና፣ «ዓይኑ ያበራል» የምትል እናት እስከ ማስረጃው ልትታመን ይገባል።

በሆድ በኩል ደግሞ በወባ አገር ያበጠ ሆድ ሁሉ «ጣፊያ» ይባላል። ጣፊያ ሕፃኑ ሲተነፍስ ይወርዳል፣ ወደ እምብርትም ያዘነብላል፤ ከጎን ወደ ጀርባ የገባ፣ ለስላሳ ገጽ ያለው፣ እናት ስታጥበው ያገኘችው ዕጢ ግን የዊልምስ ሊሆን ይችላልና ደጋግሞ መጫን ዕጢውን ሊያፈነዳ ይችላል። የደም ግፊትም ይለካ። ለሕፃን የሚሆን የግፊት መለኪያ ጨርቅ በጤና ጣቢያው መኖር አለመኖሩ በሥልጠና የሚፈታ ችግር አይደለም።

የበርኪት ሊምፎማ ነገር ለባሕር ዳር የተለየ ትርጉም አለው። ዴኒስ በርኪት በ1958 እ.ኤ.አ. ከካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ስለ ሕፃናት የመንጋጋ ዕጢ ከጻፈ በኋላ፣ በ1961 እ.ኤ.አ. በመኪና ምሥራቅ አፍሪካን ዞሮ በሽታው ከባሕር ጠለል ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ካለው ከፍታ በላይ እንደማይበዛ ተገነዘበ። ምክንያቱ ከወባና በ1964 እ.ኤ.አ. ከተገኘው የኤፕስታይን-ባር ቫይረስ ጋር የተያያዘ መሆኑ በኋላ ታወቀ። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ይህን ያነበበ ሰው «በእኛ ዘንድ አይገኝም» ሊል ይችላል። ሆኖም ግን የባሕር ዳር ሆስፒታሎች የሚያገለግሉት የከተማይቱን ልጆች ብቻ አይደለም፤ ከዓባይ በረሃና ከበለስ ቆላ የሚወጡ ሕፃናትም ደጃቸው ይደርሳሉ። መንጋጋው ያበጠ፣ ጥርሶቹ የተነቃነቁ የቆላ ሕፃን ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ይህ ዕጢ በሐሳብ ሊመጣ ይገባል። ዕጢው በቀናት ውስጥ የሚታይ ዕድገት ያሳያልና የሪፈር ቀጠሮ በሳምንታት አይሰጠውም።

ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ የነርስ ሥራ ሌላ መልክ ይይዛል። ጥቁር አንበሳም ይሁን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ መድኃኒቱን የምታዘጋጀውና የምትሰጠው ነርስ ናት። ቪንክሪስቲን በደም ሥር ብቻ የሚሰጥ ሲሆን በስሕተት በአከርካሪ ቢሰጥ ይገድላል፤ ሜቶትሬክሴት ግን በአከርካሪ ይሰጣል። ሁለቱም በአንድ ቀን ለአንድ ሕፃን ሊታዘዙ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማስጠንቀቂያ ቪንክሪስቲን በሲሪንጅ ሳይሆን በትንሽ የፈሳሽ ከረጢት ተበርዞ እንዲሰጥ የመከረው፣ በዕውቀት ብቻ መመካት እንደማይበቃ ከደረሱት ሞቶች በመማር ነው። ስሕተት ሊሠራ የማይችልበትን ከረጢት ማዘጋጀት ነርሷን ከመፈተን ይበልጣል።

በዚህ ላይ በብዙ ሆስፒታሎቻችን ነርሶችን በየጥቂት ወሩ ከክፍል ወደ ክፍል የማዘዋወር ልማድ አለ። ዓለም አቀፉ የሕፃናት ካንሰር ማኅበር በ2014 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጋቸው መነሻ ደረጃዎች አንድ ነርስ ከአምስት በላይ የካንሰር ሕሙማን ሕፃናትን እንዳትይዝና በሥራው የሠለጠኑት ነርሶች ወደ ሌላ ክፍል እንዳይዘዋወሩ ይጠይቃል። የሠለጠነችው ነርስ በስድስተኛው ወር ወደ ድንገተኛ ክፍል ከሄደች፣ በሰባተኛው ወር የሚመጣ አጥኚ «ዕውቀት አነስተኛ ነው» ብሎ መጻፉ አይቀርም። ይህን ጉድለት ሥልጠና አይሞላውም፤ የተፈጠረው በምደባ ደብዳቤ ነውና።

ከሁሉም በላይ ግን የማስበው ሆስፒታሉን ለቆ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ጎርጎራ ስለተመለሰው ሕፃን ነው። ኬሞቴራፒ ከተሰጠ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሕዋሳቱ ይወርዳሉ። በእነዚያ ቀናት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ የመጀመሪያው ፀረ ተዋሲያን በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥር ሊሰጠው ይገባል። ሕፃኑ የሚመጣው ግን በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው። በዚያም ለወባ ይመረመራል፣ ወባ ካልተገኘ ፓራሲታሞል ይዞ ይመለሳል። ካንሰሩ እየለቀቀው የነበረ ሕፃን በኢንፌክሽን የሚሞተው እንዲህ ነው። ከሆስፒታሉ ሲወጣ «ይህ ሕፃን ኬሞቴራፒ ላይ ነው፤ ትኩሳት ካለው ያለውን ፀረ ተዋሲያን ጀምራችሁ ወዲያውኑ ላኩት» የሚል በአማርኛ የተጻፈ ካርድና የስልክ ቁጥር ቢሰጠው፣ ያን ካርድ የሚያነበው ባለሙያ ስለ ካንሰር የሚያውቀው ጥቂት ቢሆንም ሕፃኑን ሊያተርፈው ይችላል።

ሕክምና ስለሚያቋርጡ ቤተሰቦችም ብዙ ይባላል። ለአራት ተከታታይ ሳምንታት ያልመጣ ሕፃን በመዝገብ ላይ «ሕክምና አቋራጭ» ይሆናል። የደም ካንሰር ሕክምና ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ጎንደር ደግሞ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ከተቀሰቀሰው ግጭት ወዲህ መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት ቀጠሮ ማክበር ለአስታማሚ እናት ከአቅም በላይ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ወደ ጠበል የሚሄዱትንም በማሾፍ የመለሰ ባለሙያ አላየሁም። ቄሱን አክብራ፣ መድኃኒቱ ከጠበሉ ጋር እንደማይጣላ፣ ነጭ ሕዋሳቱ በወረዱበት ሳምንት ግን ሰው ከበዛበት ቦታ መራቅና የሚጠጣው ውኃ መፍላት እንዳለበት የምታስረዳ ነርስ ሕፃኑን ሳታጣው ትቀራለች። ይህ ችሎታ በየትኛውም የመልስ ቁልፍ ላይ ነጥብ የለውም።

ስለዚህ መጠይቁ ይቅር አልልም። ይታረም፣ ወደ ጤና ጣቢያም ይውረድ። የሪፈር ወረቀት ታችኛው ክፍል ተቀባዩ ሆስፒታል ስለ በሽታው የደረሰበትን ጽፎ እንዲመልስ የተዘጋጀ ነው፤ ባዶውን መቅረቱ የተለመደ ነው። የላከችው ሕፃን ምን እንደነበረበት ያልተነገራት ነርስ በሚቀጥለው ጊዜ በምን ታውቃለች? እኔ መጠይቅ ባዘጋጅ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይህ በሆነ ነበር፦ «ባለፈው ዓመት ወደ ላይ ከላክሻቸው ሕፃናት መካከል የስንቱ ውጤት ተመልሶልሻል?»